የቤት ሙያ ገበያ የሚያገኘው እንዴት ነው?

ከመካከላችን ስንቱ ነው የሚማረው እናቱ በቤቷ ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀች፣ እኅቱ ዳቦ ቆሎ እየጠበሰች ወይም አክስቱ እንጀራ እየጋገረች በምታገኘው ገንዘብ? ጥቂት እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን በግቢያችን ውስጥ ሲነገር አይሰማም። ባለሙያን መናቅ የቆየ በሽታችን ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ የተማረው ክፍል ከእናቱ ምጣድ ዛሬም ዓይኑን የሚያሸሽበት ጊዜ አለ።

ውድ አንባቢ፣ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ወቀሳ አይደለም። ብዙ የቤት ሙያ የሚዘጋው ምርቱ ከፍቶ ሳይሆን ገዢ ሳያውቀው ቀርቶ ነው። እኛ ደግሞ ስልክ ይዘን የምንውል ሰዎች ስለ ሆንን በዚህ ረገድ ልንረዳ እንችላለን። ይህም እንዴት እንደሚሆን ከዚህ በታች እንመልከት።

በመጀመሪያ ደረጃ የሚገኘው የሰፈር መረብ ነው። ዕቁብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። 20 ሰዎች በየሳምንቱ 1,000 ብር ቢጥሉ፣ ዕጣ የወጣለት ሰው በአንድ ጊዜ 20,000 ብር ይቀበላል፤ ይህም ያለ ወለድ በርበሬውን በመከር ወቅት በርከስ ባለ ዋጋ ለመግዛት ያስችላል። ከገንዘቡ የሚበልጠው ግን መተማመኑ ነው። በየሳምንቱ ዕዳዋን ሳታጓድል የምትከፍል ሴት፣ በርበሬዋም ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበት እንደሆነ ጎረቤቶቿ አይጠራጠሩም። በዕድርና በማኅበርም እንዲሁ ነው። ሆኖም ሥርዓት አለው፤ በለቅሶ ቤት ንግድ አይነሣም። በማኅበር ዕለት ግን ጥሩ ሽሮ ከቀረበ፣ «ይህን ያዘጋጀው ማን ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም።

በሁለተኛ ደረጃ የራቀ ትውውቅ አለ። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው አሜሪካዊ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በቦስተን አጠገብ በምትገኘው በኒውተን ከተማ በሰው አማካይነት ሥራ ያገኙትን ጠይቆ ነበር። መረጃውን የሰጣቸውን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት ከመቶ 16.7 ብቻ ሲሆኑ፣ አልፎ አልፎ ያገኙት የነበሩት 55.6፣ እምብዛም የማያገኙት ደግሞ 27.8 ሆኑ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቅርብ ወዳጆቻችን የሚያውቁት እኛው የምናውቀውን ነው፤ የራቀው ሰው ግን እኛ ከማንገባበት ክበብ ወሬ ያመጣል። ጥናቱ ስለ ሥራ ፍለጋ ቢሆንም፣ ገዢን ለማግኘትም ትምህርት ይሰጣል። ጎረቤት ሁሉ የራሱን ሽሮ ያስፈጫል፤ የሚገዛው ምናልባት የአክስትህ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ወይም ከክፍለ ሀገር መጥቶ ብቻውን የሚኖር መምህር ይሆናል።

በሦስተኛ ደረጃ የስልኩ መረብ ይመጣል። በቴሌግራም ቻናልና ግሩፕ አንድ አይደሉም። በቻናል የሚናገረው ባለቤቱ ስለ ሆነ ዋጋና ፎቶግራፍ ለማውጣት ይመቻል፤ በግሩፕ ግን ሁሉም ስለሚናገር ገዢው ለገዢ ይመሰክራል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ሥራ ላይ ስለዋለ፣ ገዢው ሳይመጣ መክፈል ይችላል። ይሁን እንጂ ስልኩ ወሬን ያፋጥናል እንጂ እምነትን አይፈጥርም። ይህን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው።

ባለፈው ክረምት ለእናቴ ቻናል ከፈትኩላት። ፎቶግራፉን አሳምሬ፣ «በሁለት ቀን እናደርሳለን» ብዬ ጻፍኩ። በአንድ ሳምንት 43 ትእዛዝ መጣ። እናቴ በሳምንት ከ15 ኪሎ በላይ ማዘጋጀት እንደማትችል አልጠየቅኋትም ነበር። በርበሬ ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ተደልዞ፣ ከቅመሙ ጋር እስኪፈጭ ቀናት ይወስዳል፤ በዚያ ላይ ዝናብ ነበር። ገሚሱ ገዢ ገንዘቡን መልሱልኝ አለ፤ ከእነርሱም አንዷ የዐሥር ዓመት ደንበኛዋ ነበረች። እናቴ አልተቆጣችኝም። «ልጄ፣ አንተ ስልኩን አስተዋወቅህ እንጂ እኔን አላስተዋወቅህም» አለችኝ። ያቺ ደንበኛ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

ከዚህ በኋላ የደረስኩባቸው ነጥቦች እነዚህ ናቸው። ከማስተዋወቅ በፊት በሳምንት ምን ያህል መሥራት እንደሚቻል ከባለሙያዋ መጠየቅ፤ ትእዛዝ ከዚያ ሲያልፍ «ለዚህ ሳምንት ሞልቷል» ብሎ በግልጽ መጻፍ፤ በከረጢቱ ላይ ክብደቱን፣ የተዘጋጀበትን ቀንና የስልክ ቍጥሩን መለጠፍ፤ አዲስ ገዢን ከማሳደድ በፊት ነባሩን ደንበኛ «እንዴት አገኙት?» ብሎ መጠየቅ። ቅሬታ ሲመጣም መልእክቱን ከማጥፋት ይልቅ በሰው ፊት ማረም ይሻላል፤ የሚያየው ሰው ብዙ ነውና።

ሕጉንም መዘንጋት አይገባም። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቍጥር 980/2008 ንግድን ያለ ፈቃድ መሥራትን ይከለክላል። ሥራው ከጎረቤት አልፎ መደበኛ ገቢ ሲሆን፣ ስለ ፈቃድና ስለ ግብር ከፋይ መለያ ቍጥር ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለሱፐርማርኬት ወይም ለመሥሪያ ቤት ለማቅረብ የሚፈልግ ሰው ያለ ደረሰኝ ሩቅ አይሄድም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ስለ አገር ዕድገት በየክርክሩ እንናገራለን። ዕድገቱ ከፋብሪካ ብቻ የሚመጣ ከመሰለን ግን ያሳደገንን ማጀት ረስተናል። በሚመጣው ዕረፍት ወደ ቤት ስንገባ ስልካችንን ከማውጣታችን በፊት ከምጣዱ አጠገብ ተቀምጠን አንድ ቀን ሙሉ ሥራውን እንመልከት። የማናውቀውን ሥራ ማስተዋወቅ አይቻለንምና።