ጎሽን የሚያቆም ጠመንጃ

እንግሊዛዊው አዳኝ ፍሬድሪክ ሲሉስ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በደቡባዊ አፍሪካ ዝሆን ያደነው በአፈሙዙ በሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። ባሩዱን ከቆዳ ከረጢት በእፍኙ እየዘገነ ይጨምርና 113 ግራም ገደማ የሚመዝን ድብልብል እርሳስ ያጎርሰዋል። ዝሆኑን ይጥለዋል፤ የራሱንም ትከሻ ያደቀዋል። ሲሉስ ኋላ ላይ እንደጻፈው፣ የጠመንጃው ምት መንፈሱን አውኮ አተኳኮሱን ስላበላሸበት እነዚያን መሣሪያዎች በመያዙ ተጸጽቷል።

ለአደገኛ አውሬ ጠመንጃ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ ሊያስብበት የሚገባው ይኸው ነው። ቃታ ሲስብ ዓይኑን የሚጨፍን ተኳሽ የጥይቱ ግዝፈት አያድነውም።

እ.ኤ.አ. በ1898 የለንደኑ ጠመንጃ ሠሪ ሪግቢ ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመውን ባለ .450 ጥይት ሲያወጣ ነገሩ ተለወጠ። 31 ግራም የምትመዝን እርሳስ በሰከንድ 650 ሜትር ገደማ እየበረረች፣ ያ ድብልብል እርሳስ ከማይደርስበት ጥልቀት ትደርስ ጀመር። ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል ደግሞ ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆን ሲገድል አብዛኛውን የጣለው በ7 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው፤ ቁጥሩ ዛሬ ለሚሰማው ያሳዝናል። ቤል የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ አስነጥቆ አንጎሉ የት እንደተቀመጠ አጥንቷል።

ይሁንና ቤልን መከተል አደገኛ ነው። እሱ ያልደነገጠ ዝሆን መርጦ፣ ተረጋግቶ ይተኩስ ነበር። የቆሰለ ጎሽ ከቁጥቋጦ ወጥቶ ሲመጣ ግን ግንባሩን የቀንዱ ሥር እንደ ጋሻ ይሸፍነዋል፤ ለመምረጥም ጊዜ የለም። ብዙ የአፍሪካ አገሮች ለጎሽና ለዝሆን ዝቅተኛውን የጥይት መጠን በሕግ የወሰኑት ስለዚህ ነው።

በአብዛኛው መነሻ የሚሆነው ጠመንጃ ሠሪው ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1912 ያወጣው .375 ነው። የአፈሙዙ ስፋት 9.5 ሚሊ ሜትር፣ የእርሳሱ ክብደት 19 ግራም ገደማ ነው። ምቱ ቢጠነክርም በልምምድ ይለመዳል፤ ለአብዛኛው ሰው ከሚበልጠው .458 ጥይት ይልቅ የሚሻለውም እሱ ነው። .458 የሚያስፈልገው ይበልጡን የቆሰለ አውሬ ተከትሎ ጥሻ የሚገባው ባለሙያ መሪ ነው።

አሠራሩም ይመረመራል። ባለ ሁለት አፈሙዙ ሁለተኛውን ጥይት ወዲያው ይተኩሳል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። የማውዘር ዓይነቱ ጥይቱ ከመጋዘኑ ሲወጣ ጀምሮ ቀለሁን በብረት ጥፍር ይዞ ስለሚያስገባና ስለሚያወጣ፣ በጥድፊያ መሃል እምብዛም አይነክስም። ለጎሽ የሚወጡ ብዙ አዳኞች መጀመሪያ ሥጋ ውስጥ ሲገባ የሚሰፋውን እርሳስ ያጎርሳሉ፤ ከሥሩ የሚደረድሩት አጥንት ሰብሮ የሚያልፈውን ድፍኑን ነው፣ የሚሸሽ ጎሽ የሚመታው ከኋላ ነውና።