የካምቢዮ ጥገና ዋጋ፦ ተገቢ ነው ወይስ ተጋኗል?

በዋግ ኽምራ ደጋ መኪና የግል መጓጓዣ ብቻ አይደለም። ከአምደወርቅ ወደ ሰቆጣ ገበያ የሚጭን አይሱዙ፣ መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ ወይም አሮጌ ላንድክሩዘር የስንት ዓመት ቁጠባ፣ የተሸጠ በሬና ፍየል፣ ከዓረብ አገር የተላከ ደመወዝ የተጠራቀመበት የቤተሰብ ንብረት ነው። የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም፣ የአያት መድኃኒት ከዚያው ይወጣል። ስለዚህ መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ካምቢዮው መውረድ አለበት» ባለ ቀን የሚደነግጠው ሾፌሩ ብቻ ሳይሆን ቤቱ በሙሉ ነው።

ከዚያ የሚከተለው የዋጋ ግምት ብዙውን ጊዜ በአንድ ትልቅ ቁጥር ይነገራል። ሾፌሩ ወጣት ልጅ ከሆነ ቁጥሩን ይዞ ወደ ወላጆቹ ይመጣል። አባት ያበድራል ወይም ከብት ይሸጣል፤ ውጭ ያለች እህት ገንዘብ ትልካለች። ግን ያ ቁጥር ተገቢ መሆኑን ማን ይመዝነዋል? ወላጅ የመካኒክነት ሙያ ባይኖረውም ሊመዝነው ይችላል። የሚያስፈልገው ትዕግሥት፣ ጥቂት ጥያቄና አንድ ወረቀት ነው። አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

በቅድሚያ፦ የታመመው ካምቢዮው ነው?

ካምቢዮ የሞተሩን ጉልበት እንደ መንገዱ ሁኔታ እየመጠነ ወደ ጎማ የሚያስተላልፍ ክፍል ነው። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ደግሞ ፍሪሲዮን አለ። የፍሪሲዮን ጥገና ከካምቢዮ ሙሉ እድሳት ብዙውን ጊዜ በእጅጉ ይረክሳል። የሁለቱ ሕመም ግን ሾፌሩን ሊያሳስት ይችላል። ዋጋ ከመነጋገር በፊት የሚከተሉትን ይሞክሩ፤ ሌላ መካኒክም እንዲሞክራቸው ያድርጉ።

ሞተሩ ጠፍቶ ማርሾቹ ሁሉ በቀላሉ ከገቡ፣ ሞተሩ ሲነሳ ግን ሁሉም እምቢ ካሉ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፍሪሲዮኑ በደንብ አለመላቀቁ ነው። አቀበት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ፍጥነት ካልጨመረ የፍሪሲዮን ዲስክ አልቆ ሊሆን ይችላል። መኪናው በፎሌ ቆሞ ፔዳሉ ሳይረገጥ ድምፅ ካለ፣ ሲረገጥ ደግሞ ከጠፋ፣ ጥርጣሬው ወደ ካምቢዮው የፊት ዘንግ ኩሽኔታ ይሄዳል። በተቃራኒው ድምፁ የሚመጣው ፔዳሉ ሲረገጥ ከሆነ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው የሚጠረጠረው።

አንድ ማርሽ ብቻ ሲገባ የሚያንቋቋ ከሆነ፣ የማርሾቹን ፍጥነት የሚያስማማው የዚያ ማርሽ የነሐስ ቀለበት (ሲንክሮናይዘር) አልቆ ሊሆን ይችላል። ማርሽ ከገባ በኋላ በራሱ ተመልሶ የሚወጣ ከሆነም ችግሩ ውስጥ ሊሆን ቢችልም፣ አንዳንድ ጊዜ ውጭ ያለው የማርሽ ማስገቢያ ዘንግ መላላት ብቻ ይሆናል። ይህን ለማየት ካምቢዮ ማውረድ አያስፈልግም።

ዘይቱም ይናገራል። የካምቢዮ ዘይት ሲወጣ እርስዎ ባሉበት ይውጣ። እንደ ጭቃ የላመ ጥቂት ግራጫ ብናኝ የተለመደ ነው፤ በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ መሰበሩን ያመለክታል። ዘይቱ ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። ወንዝ በሚሻገሩ የገጠር መንገዶች ላይ በሚሠሩ መኪኖች ይህ ያጋጥማል፤ የጋለ ካምቢዮ ድንገት ውሃ ውስጥ ሲገባ ይቀዘቅዝና በአየር መተንፈሻው በኩል ውሃ ይስባል።

አውቶማቲክ መኪና ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር አስታውሱ። ከሙሉ እድሳት በፊት የዘይቱ መጠንና ዓይነት መታየትና መኪናው በኮምፒዩተር መመርመር አለበት። ለተለመደው አውቶማቲክ የሚሆን ዘይት ሲቪቲ ለሚባለው ካምቢዮ አይሆንም። ዘይቱ ተሳስቶ ከነበረ ትክክለኛውን መሙላት ብቻ ችግሩን ሊያቃልል ይችላል፤ ዘይቱ ከጠቆረና የተቃጠለ ሽታ ካለው ግን ጉዳቱ ወደ ውስጥ ዘልቋል ማለት ነው።

ሳይፈታ የተነገረ ዋጋ የመጨረሻ አይደለም

ካምቢዮው ወርዶ ሳይፈታ የውስጡን ጉዳት በእርግጠኝነት የሚያውቅ መካኒክ የለም። ስለዚህ ገና ሳይከፍት አንድ ቁርጥ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ከሁለት አንዱን እያደረገ ሊሆን ይችላል፦ ወይ ለክፉው ሁሉ አስቦ ዋጋውን ከፍ አድርጎታል፣ ወይ ዝቅ አድርጎ ካስጀመረ በኋላ «ሌላም ተገኘ» እያለ ይጨምራል።

ተገቢው አሠራር ዋጋውን በሁለት ደረጃ መነጋገር ነው። የመጀመሪያው ካምቢዮውን የማውረድ፣ የመፍታትና የመመርመር ዋጋ ነው። ሁለተኛው፣ የተበላሹት ዕቃዎች በዓይን ከታዩ በኋላ፣ የጥገናው ዝርዝር ግምት ነው። በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ያለበት ግን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፦ «በሁለተኛው ዋጋ ካልተስማማን፣ ካምቢዮውን ገጥመህ ወይም እንዳለ አድርገህ ለመመለስ ስንት ትጠይቃለህ?» ይህ አስቀድሞ ካልተነገረ፣ ካምቢዮው በየክፍሉ ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ከተበተነ በኋላ የመደራደር አቅም የለም። አምደወርቅ ላይ ሆኖ የተፈታ ካምቢዮ በጆንያ ይዞ ሌላ ጋራዥ ፍለጋ ወልድያ ወይም ባሕር ዳር መሄድ ቀላል አይደለም።

ፕሮፎርማው ምን ይያዝ?

በቃል የተነገረ ድምር ሊመዘን አይችልም። በዝርዝር የተጻፈ ፕሮፎርማ ይጠይቁ። በውስጡም እያንዳንዱ ዕቃ በስሙና በብዛቱ፣ አዲስ ይሁን ያገለገለ፣ የየት አገር ሥሪት እንደሆነ፣ የእጅ ዋጋው ለብቻው፣ የቶርኖ ቤት ሥራ ካለ ለብቻው፣ ዘይትና ጓርኒሲዮኑም ለብቻው ይጻፍ። ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰበስብ ድርጅት ከሆነ 15 በመቶው በዋጋው ውስጥ ይካተት ወይስ ከላይ ይደመር እንደሆነ መታወቅ አለበት። ሁለት ጋራዦችን ሲያወዳድሩ አንዱ ታክሱን ጨምሮ ሌላው ሳይጨምር ተናግሮ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ «እግረ መንገዱን» የሚባሉትን ሥራዎች ይመልከቱ። ካምቢዮው ከወረደ ላይቀር የፍሪሲዮን ዲስኩንና ኩሽኔታውን፣ የሞተሩን የኋላ ዘይት ከልካይ ጎማ አብሮ መቀየር ብዙ ጊዜ ብልህነት ነው፤ በኋላ ለነዚህ ብቻ ተብሎ ካምቢዮው እንደገና ከሚወርድ ይሻላል። መካኒኩ ይህን ስላለ አታላይ ነው አይባልም። የሚታየው የእጅ ዋጋው ነው። ለማስረዳት ያህል፣ ካምቢዮ ማውረድና መመለስ 10,000 ብር ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ለፍሪሲዮን መቀየሪያ ሌላ 8,000 ብር የእጅ ዋጋ ቢጨመር፣ አንዱ ድካም ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል ማለት ነው። ፍሪሲዮን የመቀየር ዋናው ልፋት ካምቢዮ ማውረዱ ነውና።

የመለዋወጫውን ዋጋ ለማጣራት ስልክ ይበቃል። የዕቃውን ስምና የመኪናውን ሞዴል ይዘው ደሴ፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ መርካቶ ያሉ ሁለት ወይም ሦስት መለዋወጫ ቤቶችን ያስጠይቁ። ዘመድ ካለ ሄዶ ይጠይቅ። ግን ባለፈው ዓመት ወይም ከዚያ በፊት የሰሙትን ዋጋ ለመመዘኛ አይጠቀሙ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ኩሽኔታ ዋጋው ቢንር መካኒኩ የፈጠረው ላይሆን ይችላል።

የመካኒኩም ወገን ይታይ

ተገቢ ዋጋ ማለት ለሁለቱም ወገን ተገቢ የሆነ ዋጋ ነው። ዕቃው ከሩቅ ከተማ ተጭኖ የሚመጣ ከሆነ የማጓጓዣው ወጪ እውነተኛ ወጪ ነው። በሰቆጣና በአምደወርቅ ዓይነት ከተማ ያለ ባለሙያ የሚጎድለውን መሣሪያ መከራየት ወይም ዘንጉን ሌላ ከተማ ልኮ ማስተካከል ሊኖርበት ይችላል። ከሁሉም የረከሰው ግምትም አንዳንዴ የሚረክሰው መቀየር ያለበት ኩሽኔታ ታጥቦ ተመልሶ ስለሚገባ ነው። ስለዚህ ሦስት ግምት ሲሰበስቡ ድምሩን ብቻ አያወዳድሩ፤ የትኛው ምን እንደሚቀይር ጎን ለጎን አስቀምጠው ያንብቡ።

ዕቃውን ማን ይግዛ የሚለውም በግልጽ ይነገር። መካኒኩ ከገዛ ለመሮጫው ጥቂት መጨመሩ የተለመደ ነው፤ ግን ከመደብሩ ደረሰኝ ጋር ይቅረብ። ባለቤቱ ራሱ ከገዛ ደግሞ ዕቃው ቢበላሽ መካኒኩ ኃላፊ አይሆንም ሊል ይችላል። የተቀየሩት አሮጌ ዕቃዎች በሙሉ ለባለቤቱ እንዲመለሱ ከመነሻው ይስማሙ። አሮጌውን ማየት መካኒኩን መጠራጠር አይደለም፤ የተከፈለበትን ማወቅ ነው።

ያገለገለ ካምቢዮ ይሻላል?

ብዙ ቤተሰብ «ማደሱ ቀርቶ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ይምጣ» ይላል። አንዳንዴ ትክክል ነው፤ ስሌቱ ግን የዕቃውን ዋጋ ብቻ መያዝ የለበትም። ለምሳሌ እድሳቱ 120,000 ብር፣ ያገለገለው 90,000 ብር ነው እንበል። ልዩነቱ 30,000 ብር ይመስላል። ባገለገለው ላይ ማጓጓዣ 8,000፣ መግጠሚያ 10,000፣ ዘይት 4,000 ብር ሲደመር 112,000 ብር ይሆናል። መኪናው በቀን 2,000 ብር የሚያስገባ ከሆነና እድሳቱ 7 ቀን፣ ያገለገለው እስኪመጣና እስኪገጠም 10 ቀን ቢፈጅ፣ የቀረውን ገቢ ስንጨምር እድሳቱ 134,000፣ ያገለገለው 132,000 ብር ይመጣል። የ30,000 ብሩ ልዩነት 2,000 ብር ቀረ። ያገለገለው ዋስትና ከሌለው ደግሞ ምርጫው ይገለበጣል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው፤ የራስዎን ቁጥር አስገብተው ያስሉት። ያገለገለ ሲገዙም ደረሰኝ ይያዙ፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዕቃ በኋላ ጣጣ ያመጣል።

ሕጉ ምን ይላል?

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ዋጋ በመጠየቁ ወይም በመከራከሩ ምክንያት እንዲገዛ አይገደድም፤ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብትም አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚጸና ይናገራል። ስለዚህ በደብተር ቅጠል ላይ የተጻፈና ሁለቱ የፈረሙበት ስምምነት ዋጋ አለው። ዋጋው፣ የማስረከቢያው ቀን፣ ቀብዱ፣ የዋስትናው ጊዜ፣ ተጨማሪ ብልሽት ቢገኝ ባለቤቱ ሳይፈቅድ እንዳይሠራ የሚል ቃል ይኑርበት።

ክፍያውም በአንዴ አይለቅ። ዕቃ መግዣውን በቅድሚያ፣ የእጅ ዋጋውን አብዛኛውን ክፍል ከሙከራ በኋላ መክፈል ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል። ሙከራው በከተማው ሜዳ ሳይሆን በአቀበትና በቁልቁለት፣ ቢቻል ከነጭነቱ ይሁን። ከጥቂት ቀን ሥራ በኋላም ዘይቱ ይታይ።

ወላጆችና አያቶች ምን ታደርጋላችሁ?

ልጁ ብቻውን ጋራዥ ሲቆም ይቸኩላል፤ መኪናው የቆመበት እያንዳንዱ ቀን ያቃጥለዋል። የሽማግሌ እርጋታ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። መካኒኩን ሌባ ብሎ መጀመር በር ይዘጋል። «ልጄ፣ በሙያህ አልገባብህም። ግን ያለቀውን ዕቃ በዓይኔ አሳየኝ፤ ዋጋውንም ለየብቻው ጻፍልኝ» የሚል አነጋገር ከብዙ ክርክር ይበልጣል። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይከፋም፤ «እሺ አባቴ» ብሎ ያሳያል። ማሳየት የማይፈልግ ከሆነ ገንዘቡ ሳይወጣ ማወቅዎ ራሱ ትርፍ ነው።

ውጭ ላለው ልጅም ድምሩን በስልክ ከመንገር የፕሮፎርማውን ፎቶ ይላኩለት። ልጁ የሚልከው ገንዘብ ለምን እንደዋለ ያውቃል፤ በወንድማማች መካከልም «ያ ገንዘብ የት ገባ?» የሚል ቅሬታ አይነሳም።

በመጨረሻም ልጁን ስለ አነዳዱ ምከሩት። ቁልቁለት ላይ በፎሌ መውረድ ነዳጅ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ነገር ግን ሞተሩ መኪናውን መያዙን ስለሚያቆም ፍሬኑ ግሎ ሊከዳ ይችላል፤ በፍጥነት ላይ ማርሽ ለመመለስ ሲታገሉም ካምቢዮው ይጎዳል። እግርን ፍሪሲዮን ላይ አስቀምጦ መንዳት፣ ከልክ በላይ መጫን፣ ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ዘይቱን አለማየት፣ ሁሉም ወደዚያው ጋራዥ ይመራሉ። በጊዜው የተቀየረ ዘይት ዋጋው ከአንድ ሙሉ እድሳት ጋር አይወዳደርም።