ወደ ከሚሴ ከመመለስ በፊት፦ ቤትን ማቃለልና የየቲምን ሐቅ መለየት



በአገራችን ሕግ የመንግሥት ሠራተኛም ሆነ የግል ድርጅት ተቀጣሪ በመደበኛነት ጡረታ የሚወጣው 60 ዓመት ሲሞላው ነው። በ2014 ዓ.ም. የወጡት የጡረታ አዋጆች፣ ቁጥር 1267 እና 1268፣ ይህንኑ ዕድሜ አጽንተውታል። ከከሚሴ፣ ከባቲ፣ ከሰንበቴና ከአካባቢው ወጥተው በአዲስ አበባ፣ በአዳማ ወይም በሌላ ከተማ ሠላሳና አርባ ዓመት ያገለገሉ ወገኖቻችን ይህ ቀን ሲቃረብ ወደ ትውልድ ቀያቸው መመለስን ያስባሉ። የከተማ ቤት ኪራይ በጡረታ ገንዘብ አይገፋም። በከሚሴ ግን ዘመድ አለ፣ ቅሬ አለ፣ ልጅ ሆነው የቀሩበት መስጊድ አለ።

ሐሳቡ ከተቆረጠ በኋላ የመጀመሪያው ፈተና ዕቃው ነው። ቡፌው፣ ሶፋው፣ ሁለቱ ቁም ሣጥኖች፣ ከአልጋ ሥር የታጨቁት ሻንጣዎች፣ ለሠርግ ካልሆነ የማይወጣው ሰታቴ፣ ክዳኑ የጠፋው ድስት፣ ልጆቹ አድገው የሄዱባቸው ደብተሮች ሁሉ ባለቤታቸውን ይጠይቃሉ። በዚህ ጊዜ ዘወትር የሚሰጠው ምክር የሚያስፈልገውን መያዝ፣ የማያስፈልገውን መስጠት የሚል ነው። ምክሩ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ከእርሱ የሚቀድም ጥያቄ አለ እንላለን። ይኸውም «ይህ ዕቃ የማን ነው?» የሚለው ነው። የሌላ ሰው ንብረት ሰደቃ ሆኖ ሊወጣ አይችልም፤ ቤት በጥድፊያ በሚፈታበት ሳምንት ደግሞ የማን መሆኑ በቀላሉ የሚረሳው የየቲም ዕቃ ነው።

አማና ይቀድማል

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካ ወደ መዲና ሲሰደዱ ቁረይሾች ሊገድሏቸው መክረው ነበር። በዚያ አስጨናቂ ሌሊት እንኳ ሰዎች በእርሳቸው ዘንድ ያስቀመጡትን አደራ ለየባለቤቱ ይመልስ ዘንድ ዓሊይን (ረ.ዐ.) በከተማይቱ አስቀርተዋል። ከአደራ አስቀማጮቹ መካከል በመልእክታቸው ያላመኑ ይገኙበት ነበር። ቤት ለቆ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የበለጠ የሥራ ቅደም ተከተል አናውቅም።

በእኛ ቤቶች ውስጥ ያለው አደራ ብዙ ዓይነት ነው። የጎረቤት መሰላል ይኖራል፤ የቅሬው ወንበርና ድንኳን ይኖራል፤ ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የሄደች እህት ቆልፋ የተወችው ሣጥንና ጥቂት ወርቅ ይኖራል። የሚስት ንብረትም በዚሁ ይቆጠራል፤ መህሯና በስጦታ ያገኘችው ሁሉ የራሷ ነውና ባል «ለአላህ ብዬ ሰጠሁት» ቢል እንኳ ያለ ፈቃዷ አይሰጥም። ረከቦቱን ለጎረቤት ከመስጠት በፊት ማን እንደገዛው መጠየቅ ቀላል ነገር ቢመስልም የብዙ ቤት ቅሬታ መነሻ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የየቲሙ ነው። ወንድም ይሞታል፤ ልጁ ወደ አጎቱ ቤት ይመጣል። ከልጁ ጋር የአባቱ አልጋ፣ ሬዲዮ፣ የአናጢነት መሣሪያ፣ የእናቱም ጌጥ አብሮ ይመጣል። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አሥር ዓመት ሲያልፍ መዶሻው ከቤቱ መዶሻ ጋር ተቀላቅሎ፣ አልጋው እንግዳ ተኝቶበት፣ ሁሉም «የቤቱ ዕቃ» ተብሎ ይጠራል። ይህን ያደረገው ክፋት ሳይሆን አብሮ መኖር ነው፤ ቤተሰቡም ልጁን እንደ ልጁ ስላሳደገ መለየቱን እንደ ባዕድነት ሊቆጥረው ይችላል። ይሁንና ሱረቱ አን-ኒሳእ በመጀመሪያዎቹ አንቀጾቹ በዚሁ ጉዳይ ላይ ጠንከር ያለ ነው። የየቲምን ጥሩ ንብረት በራስ መጥፎ ንብረት መለወጥን፣ ከራስ ጋር ደባልቆ መብላትንም ይከለክላል፤ ልጁ ደርሶ ገንዘቡን ለማስተዳደር መብቃቱ ሲታይም በምስክር ፊት እንዲሰጠው ያዝዛል።

ስለዚህ ከጭነቱ ቀን አስቀድሞ በዕድሜ ከገፉ ዘመዶች ጋር ተቀምጦ የልጁ የሆነውን ሁሉ በወረቀት ላይ ማስፈር ይገባል። ልጁ ለአቅመ አዳም ደርሶ ከሆነ ይረከብ፤ ምን እንደሚያደርግበትም ራሱ ይወስን። ገና ሕፃን ከሆነ ግን ሞግዚቱ የልጁን ንብረት ለመስጊድም ቢሆን፣ ለሌላ የቲምም ቢሆን በሰደቃ መልክ ሊያወጣው አይችልም። ማጓጓዣው ከዋጋው የሚበልጥ ወይም የሚበላሽ ዕቃ ሲሆን በተገቢው ዋጋ ተሽጦ ገንዘቡ በልጁ ስም ባንክ ይቀመጣል። ሞግዚቱ ራሱ ገዢ ሆኖ ከመቅረብ ቢቆጠብ፣ ዋጋውንም ዝምድና የሌለው ሰው ቢገምተው ከሐሜትም ከሐቅም ይድናል። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና አካባቢዋ በደረሰው ጥፋት፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ከሚሴ በደረሰ ጊዜ ሸሽቶ የመጣ ዘመድ ያስቀመጠው ጆንያ ወይም ሣጥን ካለም ባለቤቱ በሕይወት መኖሩን፣ ከሌለም ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ ሳይጠየቅ ከቦታው ባይነቃነቅ ይመረጣል።

ወረቀት ከመቃጠሉ በፊት

ቤት ሲጸዳ ቶሎ ወደ እሳት የሚሄደው ወረቀት ነው። የመብራት ክፍያ ደረሰኝ ክምር ሥር የጋብቻ ማስረጃ፣ የልደት ማስረጃ፣ የሞግዚትነት ውሳኔ፣ የወራሽነት ማረጋገጫ፣ የመሬት ይዞታ ደብተር ሊገኝ ይችላል። የጡረታ መብት ያለው ሰው ሲሞት የትዳር ጓደኛውና ዕድሜያቸው 18 ዓመት ያልሞላ ልጆቹ በጡረታው ላይ ድርሻ አላቸው፤ ይህን ለማግኘት ግን ጋብቻውና ልጅነቱ በማስረጃ መረጋገጥ አለበት። እናት የምታመጣው አንዲት ወረቀት ስለጠፋች ብቻ ልጆች ሊያገኙት የሚገባቸው ገንዘብ በቀጠሮ ሊጓተት ይችላል። እነዚህ ሰነዶች በአንድ ፖስታ ሆነው በእጅ ሻንጣ ይጓዙ እንጂ በጭነት መኪና አይላኩ፤ ቅጂያቸውም በሌላ ዘመድ ቤት ይቀመጥ።

በወሎ ብዙ ቤቶች ዘንድ ሌላም ነገር አለ፤ ይኸውም ከአያት የወረደ በእጅ የተጻፈ ኪታብ ነው። አንዳንዱ በዐረብኛ፣ አንዳንዱም የአገር ቋንቋን በዐረብኛ ፊደል በጻፉበት በዐጀም ጽሑፍ ነው። ቅጠሉ የተበላ፣ ሽፋኑ የወለቀ ስለሆነ እንደ አሮጌ ነገር ሊታይ ይችላል። በር ላይ ለሚመጣ የማይታወቅ ገዢ ፈጽሞ አይሸጥ። ቅርሶች ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጡ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ይከለክላል፤ ከሕጉም በላይ በውስጡ የአንድ መንደር የዑለሞች ታሪክ ሊኖርበት ይችላልና ለሚያነብ ሼኽ ማሳየት ይቀድማል። ያረጀና የተቀደደ የሙስሐፍ ቅጠል ደግሞ ዑለሞች በገለጹት መሠረት በንጹሕ ቦታ ይቀበራል ወይም በክብር ይቃጠላል እንጂ ለልዋጭ ከሚሰጥ ጋዜጣ ጋር አይታሰርም።

ምን ይጓዝ? ምን ይቅር?

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ከሚሴ ግን በቦርከና ሸለቆ በ1,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ለአዲስ አበባ ሐምሌ የተገዛው ሦስት ብርድ ልብስ፣ ቡልኮና የሱፍ ካፖርት እዚያ ሣጥን ከማጨናነቅ በቀር ሥራ የለውም። አንድ ጋቢ ለሱብሒ ሶላት ይበቃል። በአንጻሩ በከተማ ያልታሰበ የአልጋ አጎበር ያስፈልጋል፤ አካባቢው ወባ አለበትና። የውኃ ጀሪካንና በርሜልም አይናቁ።

መንገዱም የራሱ ፍርድ አለው። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አይሱዙው ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ ወደ ደብረ ሲና በጠመዝማዛው ይወርዳል። የችፑድ ቁም ሣጥን ተፈቶ፣ በዚያ ቁልቁለት ተናውጦ፣ እንደገና ሲገጠም እንደ ቀድሞው አይሆንም። ለእርሱ የሚከፈለው የጭነትና የወዛደር ሒሳብ ለአገሩ አናጢ ቢሰጥ የተሻለ ዕቃ ይገኝበታል። ከሁሉ በፊት ግን የሚገቡበትን ክፍል በሜትር መለካት ነው፤ በበሩ የማይገባ ሶፋ ይዞ መድረስ ለባለቤቱም ለጎረቤቱም ችግር ነው። የመንገዱን ሰላም በዚያው ሳምንት ከተመላለሱ ሾፌሮች መጠየቅም የግድ ነው።

የሚሸጠው ዕቃ ቀስ ብሎ ይሸጥ። ገዢ የታሰረ ጓዝ ሲያይ ዋጋ ይሰብራልና ሦስት ወር አስቀድሞ መጀመር ይሻላል። ብረታ ብረቱንና ጠርሙሱን ቁራሌው ይወስደዋል፤ ያረጀውን ልብስ ልዋጭ በሳሕን ይቀይረዋል። የማይጠገን የሚመስል ብረት እንኳ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ምድጃ ወይም ምጣድ ማስቀመጫ ሆኖ ይወጣል። ይህ ሁሉ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ቁራሌው ያልተቀበለውን ለየቲም ማሸከም ነው።

ለየቲም ቤት የሚሰጠው

ሱረቱ አል-በቀራህ ራሳችን ዓይናችንን ጨፍነን ካልሆነ የማንቀበለውን መጥፎ ነገር መርጠን እንዳንለግስ ያስጠነቅቃል። ሱረቱ ኣሊ ዒምራን ደግሞ ወደ በጎነት የሚደረሰው ከሚወዱት ነገር በመስጠት መሆኑን ይናገራል። ይህን የሰማው አቡ ጦልሓ (ረ.ዐ.) እጅግ የሚወደውን የአትክልት ቦታውን ለመስጠት ሲመጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለቅርብ ዘመዶቹ እንዲያደርገው መክረውታል። እንግዲህ በዘመድ መካከል የቲም ካለ ማኅበራችንን ሳትጠብቁ ከእርሱ ጀምሩ።

በየቲም ቤት በእውነት የሚጠቅመው ምን እንደሆነ ብንጠየቅ፣ ያልጎደጎደ ፍራሽ፣ የታጠበ ብርድ ልብስ፣ ክዳን ያለው ድስት፣ የሚሠራ ምጣድ፣ ልጁ የሚያጠናበት ጠረጴዛ እንላለን። ከሁሉ ግን የልብስ ስፌት መኪናን እናስቀድማለን። በብዙ ጡረተኞች ቤት አሮጌ ሲንጀር በጨርቅ ተሸፍኖ የአበባ ማስቀመጫ ሆኗል፤ ቀበቶውና መርፌው ተለውጦ ልብስ መስፋት ለምትችል ባሏ ለሞተባት እናት ቢደርስ የልጆቿን የደንብ ልብስ ሰፍታ ከጎረቤትም ትንሽ ገንዘብ ታገኝበታለች። ልብስ የሚሰጥ ካለ ታጥቦ፣ ቁልፉ ተሟልቶ፣ የልጁ ልክ ተጠይቆ ይሰጥ። ለዒድ ግን አሮጌ ልብስ አይሁን። ልጁን ከዕቃው አጠገብ አቁሞ ፎቶግራፍ ማንሣትንም እንድትተዉልን እንለምናለን፤ ልጁ ነገ በዚያው ሰፈር ኳስ ይጫወታልና።

ከባድ ዕቃ ሲሆን ሸጦ ገንዘቡን መላክ ይበልጣል። አሮጌ ዕቃን በራስ ግምት ዋጋ አውጥቶ «ከዘካዬ ይታሰብልኝ» ማለት ግን ዐሊም ሳይጠየቅ አይደረግ፤ ዘካ የራሱ ስሌት አለው።

በስጦታና በኑዛዜ መካከል ያለው ልዩነትም ይታወቅ። ስጦታ የሚጸናው ተቀባዩ ሲረከበው ነው። «ስሞት መኪናው ለየቲሞች ይሁን» ብሎ እያቆዩ መጠቀም ኑዛዜ ነው፤ ኑዛዜ ደግሞ ከሀብቱ ከሲሶ አያልፍም። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ታሞ ሳለ ከዚያ በላይ ለመናዘዝ በጠየቀ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲሶውንም ብዙ ብለውታል፤ ወራሾችን ሰው ደጅ ከሚጠኑ ይልቅ ራሳቸውን የቻሉ አድርጎ መተው እንደሚሻልም ነግረውታል። የተውበት ደስታ ሀብቱን ሁሉ ለመስጠት ያነሣሣውን ከዕብ ኢብኑ ማሊክንም (ረ.ዐ.) ከፊሉን ለራሱ እንዲያስቀር መክረውታል። ጡረተኛው ማብሰያውንና አልጋውን ሁሉ ሰጥቶ ከሚሴ ሲደርስ ከዘመድ እንዲበደር አንፈልግም። ለልጆች የሚከፋፈለውም በእኩልነት ይሁን፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የኑዕማን ኢብኑ በሺር አባት ለአንዱ ልጁ ብቻ ለሰጠው ስጦታ ምስክር ለመሆን እንቢ ብለዋል። «ሴቷ አግብታለች» የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም። ውርስን፣ ስጦታንና ወቅፍን በሚመለከት ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ከደረሰ ባለጉዳዮቹ ሲስማሙ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊያየው ይችላል፤ በፌዴራል ደረጃ ይህ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ተደንግጓል።

ሰታቴውና ትላልቆቹ ትሪዎች ለከሚሴው ቅሬ ቢሰጡ ደግ ነው፤ ለአንድ ቤት የሚበዛው ለመንደር ሐዘንና ሠርግ ያንሳል። አይሱዙው ሲጫን የየቲሙ ሣጥን መጨረሻ ይጫን፤ መጀመሪያም ይውረድ፤ ከዝርዝሩ ጋር በሁለት ምስክሮች ፊት ይመሳከር። የቀረው ካርቶን በየተራ ይከፈታል። ስድስት ወር ሙሉ ሳይከፈት የቆየ ካለ፣ እሑድ የሰንበቴ፣ ሰኞ የባቲ ገበያ አለ።