የአቦሸማኔ እናት ልጆቿን እንዴት ታሳድጋለች?



በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ብዙዎቻችን ነጠብጣብ ያለበትን አውሬ ሁሉ ነብር እንለዋለን። ነብር ግን እግሩ አጠር፣ አንገቱ ደንደን ያለ ነው፤ ነጠብጣቡም እንደ አበባ ክብ እየሠራ የተሰበሰበ ነው። አቦሸማኔ እግረ ረጅም፣ ወገበ ቀጭን ነው። ነጠብጣቡ ድፍን ሲሆን ከዓይኑ እስከ አፉ ድረስ እንደ እንባ የሚወርድ ጥቁር መስመር አለው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህኛው ነው።

እናቲቱ ሦስት ወር ያህል አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ደቦሎች ትወልዳለች። አባት በማሳደጉ ሥራ አይካፈልም። ደቦሎቹ ዓይናቸው የሚገለጠው በአሥር ቀን ገደማ ስለሆነ በረጅም ሣር ወይም በቁጥቋጦ ውስጥ ትደብቃቸውና ለአደን ትወጣለች። ካልበላች ወተት የላትምና መሄዷ ግዴታ ነው። በየጥቂት ቀኑም ጠረናቸው ጠላት እንዳይጠራ ማጅራታቸውን በአፏ ይዛ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ቦታ ታዛውራቸዋለች። በጀርባቸው ላይ የሚበቅለው ረጅም ግራጫ ፀጉርም በሣሩ መካከል ይሰውራቸዋል።

እንዲህም ሆኖ ብዙዎቹ አያድጉም። በታንዛኒያ በሰረንጌቲ ሜዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው ከ20 ደቦሎች ራሱን ለመቻል የደረሰው አንድ ያህል ብቻ ነበር። ዋናው ገዳይ አንበሳ ነው። በሌሎች ቦታዎች ዕድላቸው ከዚህ ይሻላል።

ስድስት ሳምንት ሲሆናቸው እናታቸውን መከተል ይጀምራሉ። አቦሸማኔ እንደ አንበሳ አያገሳም፤ ልጆቿን የምትጠራው እንደ ወፍ እየጮኸች ነው። ጡት ከጣሉ በኋላ ዋናው ትምህርት ይመጣል። የሚዳቋ ግልገል በሕይወት ይዛ ታመጣና ፊታቸው ትለቀዋለች። ይሯሯጣሉ፣ ይጋጫሉ፣ ያመልጣቸዋል፤ እሷ መልሳ ትይዘዋለች። ነገ ደግሞ እንደገና። በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ስትለያቸው እንኳ ገና ጥሩ አዳኞች አይደሉም። ስለዚህ ወንድምና እህት ለጥቂት ወራት አብረው ይቆያሉ። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ለየብቻ ሲሄዱ ወንድማማቾቹ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልካቸውን አይለያዩም።

ነገሩ እኛንም የሚመለከተን እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልልና በጎረቤት አገሮች ከብት የሚጠብቅ ሰው ደቦሎችን ብቻቸውን ሲያገኝ እናታቸው የጣለቻቸው ይመስለዋል። አልጣለቻቸውም፤ አደን ላይ ናት። ፍየሉ የተበላችበት ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም፤ ነጋዴው ግን ሌላ ነው። ደቦሎቹን ሰብስቦ በጀልባ ወደ ዓረብ አገሮች ለቤት መጫወቻ ይሸጣቸዋል። ብዙዎቹ በረሃብና በበሽታ መንገድ ላይ ይሞታሉ። ከዱር የተያዘ አቦሸማኔን ከአገር ወደ አገር መነገድ በዓለም አቀፍ ስምምነት ከተከለከለ ከ1975 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው። በ2016 በወጣ ግምት በዓለም ላይ የቀሩት 7,000 ያህል ብቻ ነበሩ።

እዚሁ ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው የደካን መጠለያ ከነጋዴዎች እጅ የተወሰዱ አቦሸማኔዎችን ይንከባከባል። በአገራችንም በሆለታ አቅራቢያ እንሰሳ ኮቴ የሚባል መጠለያ አለ። በሕፃንነቱ ከእናቱ የተነጠቀ አቦሸማኔ ቢጠግብም፣ ቢፋፋም ማደን ያስተማረው ስለሌለ ወደ ዱር መመለሱ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ያን የአንድ ዓመት ተኩል ትምህርት ሰው ሊተካው አይችልም።

ስለዚህ በሰፈር ወይም በወደብ አካባቢ ደቦል ይዞ የሚዞር ሰው ብታዩ አትግዙ፣ ደብቁልኝ ቢላችሁም እሺ አትበሉ፤ ከሰውየውም ጋር አትከራከሩ። ለወላጅ ወይም ለአስተማሪ ንገሩ፤ ለሚመለከተው ክፍል ማሳወቁ የትልልቆች ሥራ ነው። በዱር ያገኛችኋቸው እንደሆነ ደግሞ ሳትነኩ በመጣችሁበት ተመለሱ። እናቲቱን ለማየት ብላችሁ አጠገባቸው አትቀመጡ፤ እናንተ እዚያ ሳላችሁ አትመጣም።