የኦሞ በረሓ፤ የአራዊቱና የጐብኚው ደኅንነት

በወላይታ ምዕራብ፣ ከሃላሌ ደጋ በታች የሚፈሰው ኦሞ ወደ ደቡብ ሲወርድ ሞቃትና ደረቅ ምድር ይገጥመዋል። በዚያም በስተ ምዕራብ የኦሞ፣ በስተ ምሥራቅ የማጎ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል፤ የሁለቱ ስፋት በድምሩ ከ6,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

በበጋ ወራት ውሃው በየስፍራው ስለሚደርቅ፣ አራዊትም ከብትም ሰውም በወንዙ ዳር ይገናኛሉ። ስለዚህ የአስተዳደሩ ዋና ሥራ ይህን ዳር መጠበቅ ነው፤ ይኸውም ሕገ ወጥ አደንን መከልከል፣ የዳሩን ዛፍ ከመጥረቢያ ማዳንና ከከብት አርቢዎች ጋር በስምምነት መኖር ነው።

ጐብኚውም የሚሠጋው በዚሁ ዳር ነው። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፤ ወደ ውሃው የሚመለስበትን መንገድ የዘጋበትን ሰው አይምርም። አዞም በመቅጃና በመሻገሪያ ያደባል። ስለዚህ ድንኳን ከዳሩ ርቆ ሊተከል፣ ጐብኚውም ያለ ዘበኛ እንዳይንቀሳቀስ ይገባል።

ሦስተኛው አደጋ ደራሽ ውሃ ነው፤ በቆላው ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በደጋው የዘነበው ዝናብ ወንዙን ሊያስሞላው ይችላል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ300 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ 3 ግድብ የወንዙን ፍሰት ቢቆጣጠርም፣ ከግድቡ በታች የሚገቡ ወንዞች አሉና የውሃውን ሁኔታ ሳይጠይቁ ከዳሩ ማደር አይበጅም።

ወደ ጂንካ የሚወርድ ብዙ መንገደኛ በሶዶ ያልፋል። ባለሆቴሉና ባለመኪናው ይህን አስቀድመው ቢነግሩት ገበያቸው አይጐድልም፤ በደኅና የተመለሰ እንግዳ ሌላውን ይዞ ይመጣልና።