ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ



ሰው ታሞ በተኛ ጊዜ ጎረቤት ይጠይቀዋል፤ አጥሚትም ይዞለት ይመጣል። ትኩሳቱ ለቆት ሲነሣ ግን «እንኳን እግዜር ማረህ» ይባልና ጠያቂው ያበቃል። ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን ድካም፣ መርሳትና የልብ መከፋት የሚያየው ቤተሰቡ ብቻ ነው። በኒሯቅ፣ በሰቆጣና በአካባቢው ለምትሠሩ የፕሮጀክት ሠራተኞች፣ ከሩቅ ሆናችሁ ለምትደግፉን ምእመናንም ይህን ነገር በጥቂቱ ልናስረዳ እንወዳለን።

ቫይረስ የሚያመጣው ሕመም በሥጋ ብቻ አይቀርም። ሰውነት ከቫይረሱ ጋር ሲታገል የሚነሣው መቆጣት አንጎልንም ሊያውክ ይችላል። ስለዚህ ዳነ የተባለው ሰው የጀመረውን ይረሳል፤ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ማሰብ ይሳነዋል፤ እንቅልፍ ያጣል፤ በትንሹ ያለቅሳል ወይም ይናደዳል። ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. በአገራችን የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ በዓለም ባለፈ ጊዜ፣ ብዙዎች ከዳኑ በኋላ ለወራት በድካምና በሐዘን እንደ ቆዩ ሐኪሞች ጽፈዋል። በኮቪድ-19ም እንዲሁ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ሕመሙ ከጀመረ ከ3 ወር ገደማ በኋላ የሚታይና ቢያንስ 2 ወር የሚቆይ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠርና የማሰብ ችግር ራሱን የቻለ ሕመም መሆኑን አስታውቋል። ኩፍኝ ከሚይዛቸው ሕፃናትም ከ1,000 አንዱ ያህል አንጎሉ ይቆጣል፤ ከሚተርፉትም አንዳንዶቹ መስማት ወይም መማር ይቸግራቸዋል።

በዋግ ኽምራ ይህ በሌላ ሸክም ላይ ይደረባል። በጦርነቱ ጊዜ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ወገኖች ተፈናቅለው በሰቆጣ ተጠልለዋል። ቤቱን ላጣ ሰው ሐዘኑ ከሕመሙ ይሁን ከመፈናቀሉ መለየት ያዳግታል። የባሰው ግን «ሰነፍ» መባሉ ነው። እርከን ሥራ ወጥቶ ገና በረፋዱ የሚቀመጥ፣ የተነገረውን የሚረሳ ሰው፣ ስንፍና ይዞት ሳይሆን ገና ስላላገገመ ሊሆን ይችላል። በሴፍቲኔት መሥራት ለማይችሉ ቤተሰቦች ቀጥታ ድጋፍ የሚባል ክፍል አለ። ስለሆነም ሠራተኞቻችን የማንንም ስም ከመሰረዛቸው በፊት ታሞ እንደ ነበረ ይጠይቁ፤ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ጋር ይመካከሩ።

ታዲያ እንዴት እንርዳ?

አንደኛ፣ ትኩሳት ሁሉ ቫይረስ አይደለም። በተከዜ ቆላ ወባ አለና አስቀድሞ ይመርመር።

ሁለተኛ፣ ሥራው በጥቂት በጥቂቱ ይሁን፤ ሳይዝልም ይረፍ። ዛሬ በርትቶ ውሎ ነገ የሚተኛ ከሆነ በዝቶበታልና ይቀነስለት።

ሦስተኛ፣ አሳቡን እናግዘው። ማጭዱም ቁልፉም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጥ። ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይነገረው፤ የሰማውንም መልሶ ይንገረን። ኽምጣና ተናጋሪ ከሆነ በኽምጣና እናነጋግረው።

አራተኛ፣ የከፋውን «እምነትህ ጎድሎ ነው» አንበለው። የጸለየለት ሰው አብሮት ይቀመጥ፤ ያዳምጠው፤ ቡና ሲፈላ ይጥራው። ብቸኝነት ሐዘንን ያብሳልና።

አምስተኛ፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ አንገቱ የደረቀ፣ ሰው መለየት ያቃተው ወይም «መኖር አልፈልግም» የሚል ካለ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሰቆጣ ወዳለው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ይወሰድ።

ለሕፃናት ከሁሉ የሚቀድመው መከላከል ነው። የኩፍኝ ክትባት በ9ኛውና በ15ኛው ወር ይሰጣልና እናቶችን እናስታውስ።

ብዙዎቹ በጊዜና በእርዳታ እየተሻላቸው ይሄዳሉ። እንግዲህ ወገኖች፣ ሕመምተኛን በተኛበት ሳምንት ብቻ ሳይሆን፣ ከተነሣ ከሦስት ወር በኋላም ደጁን እናንኳኳ።