መጀመሪያ መሬቱን፦ የሆኪ ስኬት ጎማና ፍሬም ከሐይቅ እስከ ውጫሌ

ከዓረብ አገር ለታናሽ ወንድሟ ሮለር ስኬት የምትልክ እህት የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የእግር ቁጥር። ደሴ ላይ ከሰልባጅ ክምር ውስጥ የሚመርጠውም ቢሆን እግሩን ከለካ በኋላ ዐይኑ የሚሄደው ወደ ቀለሙና ወደ ማሰሪያው ነው። ጫማው ልክ መሆኑ ግድ ነው። ነገር ግን ስኬቱን የሚያስኬደውም የሚያስቆመውም ከጫማው ሥር ያለው ዕቃ ነው፦ ጎማው፣ ጎማውን የያዘው ፍሬምና በጎማው እምብርት የተቀመጠው ኩሽኔታ። ሦስቱም የሚመረጡት በሚነዳበት መሬት ነው። እዚህ የምናየው አራት ጎማ በአንድ መስመር የሚደረደርለትን የሆኪ ስኬት ነው፤ መሬቱ ደግሞ ከደሴ ቁልቁል ወደ ሐይቅ ከተማ ወርዶ በአምባሰል ወረዳ ወደ ውጫሌ የሚያልፈው አገር።

ሆኪ ለወሎ ልጅ ባዕድ ጨዋታ አይደለም። ጫፉ በተቆለመመ ዱላ እሩር እያሳደዱ በታኅሣሥ 29 ሜዳ ላይ የሚራኮቱበት ገና የሆኪ የቅርብ ዘመድ ነው። በጎማ ሲሆን በየቡድኑ አራት ተጫዋችና አንድ በረኛ ይገባሉ፤ ዓለም አቀፍ ውድድሩንም ወርልድ ስኬት የተባለው ፌዴሬሽን ይመራዋል። ከአፍሪካ ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ቡድን ልከው ተወዳድረውበታል። በባርሴሎና ኦሎምፒክ እ.ኤ.አ. በ1992 ለሙከራ የታየው ግን ሌላ ነው፤ ያ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ ጎማ ባለው ስኬት የሚካሄደው ሆኪ ነበር። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ገበያ ሲወጣ የማይሆነውን ጎማ ይዞ ይመለሳል።

ጎማን በተርታ መደርደር አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1823 ለንደን ውስጥ ሮበርት ታየርስ አምስት ጎማ በአንድ መስመር የያዘ ጫማ በስሙ አስመዝግቧል። በ1863 ጄምስ ፕሊምፕተን ኒውዮርክ ላይ ባለ ሁለት ረድፉን ስኬት ሲያወጣ ተርታው ከገበያ ወጣ። መልሰው ያነሡት ሚኒሶታ ውስጥ ስኮትና ብሬናን ኦልሰን የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው፤ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ስለነበሩ በረዶ በሌለበት ወራት የሚለማመዱበት ነገር ይፈልጉ ነበር። ሮለርብሌድ የተባለው ድርጅት በ1980 የተነሣው ከዚሁ ነው። እንግዲህ በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው «መንገድ ለሰው» እሑድ መኪና ተከልክሎለት በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ የሚንሸራተተው ወጣት፣ ዱላ ባይዝም፣ የታጠቀው ከሆኪ የተወለደ ዕቃ ነው።

አሁን ወደ መሬቱ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የሐይቅ ውኃ ደግሞ 1,900 ገደማ ላይ። በመካከሉ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ በቦሩ ሜዳ በኩል አልፎ ይወርዳል። ከዚያ ወደ ውጫሌና ወደ ወልድያ ይቀጥላል። ይህ የአገሪቱ ዋና የሰሜን መስመር ስለሆነ ሲኖትራክና አውቶቡስ የሚመላለስበት ነው፤ ስኬት የሚነዳበት ቦታ አድርጎ የሚያስበው ካለ ከወዲሁ ይተወው። የእኛ ሜዳ ሌላ ነው፦ የትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ሜዳ፣ የአዳራሽ ሊሾ፣ ተራዞ የፈሰሰበት በረንዳ፣ መኪና የማይበዛበት የከተማ ውስጥ አስፋልት። ኮብልስቶንን በአንድ ቃል ልለፈው፤ ለእርሱ የተሠራ የሆኪ ጎማ የለም።

የስኬት ጎማ ፖሊዩረቴን ከሚባል ነገር ይቀረጻል። ሥሪቱ ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1937 በኦቶ ባየር ቤተ ሙከራ የተገኘ ሲሆን በስኬት ጎማነት የተስፋፋው በ1970ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የብረትና የሸክላ ጎማዎች ጠጠር ሲነካቸው ሰውን ይደፉት ነበር። የፖሊዩረቴን ጥንካሬ ሾር ኤ በሚባል መለኪያ ይለካል፤ ከጎማው ጎን ላይ 74ኤ፣ 78ኤ፣ 84ኤ ተብሎ የሚነበበው ይኸው ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጎማው ይጠነክራል። ለቤት ውስጥ ሆኪ የሚሆነው ከ72ኤ እስከ 78ኤ ያለው ለስላሳ ጎማ ነው፤ ለውጭ መሬት ደግሞ ከ82ኤ እስከ 85ኤ። አንዳንድ አምራቾች ቁጥሩን ትተው በቀለም ወይም «እጅግ ለስላሳ» በሚል ቃል ብቻ ስለሚለዩት፣ ቁጥር የሌለውን ጎማ በአውራ ጣት ጥፍር ጫን አድርጎ መሞከር ይሻላል። ለስላሳው ጥፍሩን ይቀበላል፣ ጠንካራው ይመልሰዋል።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስል። 74ኤ ጎማ በሊሾ ላይ ሲታጠፉበት አይለቅም፤ ተጫዋቹ ጎኑ መሬት እስኪነካ ቢያዘነብል ይሸከመዋል። ያንኑ ጎማ አውጥቶ አስፋልት ላይ የነዳው ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ጎማው እንደ ላጲስ ፍርፋሪ እያራገፈ ሲያልቅ ያያል። በተቃራኒው 85ኤ ጎማ አስፋልቱን ይችለዋል፤ ተራዞ ላይ ሲወጣ ግን በመጀመሪያው መታጠፊያ እግርን ይዞ ይሄዳል። የሰውየው ክብደትም ይገባበታል፤ ከበድ ያለው አንድ ሁለት ደረጃ ጠንከር ያለ ይፈልጋል፣ ሕፃን ለስለስ ያለ። ፖሊዩረቴን በሙቀት ስለሚለሰልስ እኩለ ቀን ፀሐይ ያጋለው አስፋልት ላይ 82ኤው ከወትሮው ይበልጥ ይይዛል፣ ይበልጥም ይበላል። አንድ ዓይነት ጎማ ብቻ መግዛት ለሚችልና ሊሾውንም አስፋልቱንም ለሚፈልግ የእኔ ምርጫ 82ኤ ነው። ለስላሳውን ለውድድር ማቆየት የሆኪ አዳራሽ ላለው አገር የሚሆን ምክር ነው።

የጎማው ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ይቆጠራል። ለሆኪ የተለመዱት 72፣ 76 እና 80 ናቸው። ትልቁ ፍጥነት ይይዛል፣ የአስፋልቱን ስንጥቅና ጠጠሩንም ይሻገራል፤ ትንሹ ፈጥኖ ይነሣል፣ ሰውየውንም ወደ መሬት ያቀርበዋል። በረኛው እንደ ሌላው ስለማይሮጥ 59 የሚያህል ትንሽ ጎማ ያደርጋል፣ እርሱ ዝቅ ብሎ መቆሙ ይበልጥበታል። ሰሞኑን የበዛው 110 ሚሊ ሜትር ጎማ ሦስት ብቻ የሚይዘው ስኬት ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው የታሰበ ነው፤ ሆኪ ላይ ቁመቱ ራሱ ጠላት ይሆናል።

ፍሬሙ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ጎማ ያልቃል፣ ይቀየራል፤ ኩሽኔታም እንደዚሁ። ፍሬም ከተበላሸ ግን ስኬቱ አብሮ ሞቷል። በሰልባጅ ገበያ ጎማው የተበላ፣ ፍሬሙ ቀጥ ያለ ስኬት፣ ጎማው አዲስ ሆኖ ፍሬሙ ከጠመመው እጅግ ይበልጣል። ፍተሻው መሣሪያ አይፈልግም። ስኬቱን ተራዞ ላይ አቁሞ በጎማዎቹና በወለሉ መካከል ወረቀት ማስገባት ነው፤ ወረቀቱ ከአንዱ ሥር ሲያልፍ ከሌላው ሥር ከተያዘ ወይ ጎማው እኩል አልተበላም ወይ ፍሬሙ ተጣሟል። ጎማዎቹን አውጥቶ ባዶውን ፍሬም ከኋላ በኩል በአንድ ዐይን ማነጣጠር የቀረውን ይነግራል። ከብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ካለ መተው ነው። ደህና የሚባለው ፍሬም አልሙኒየም ነውና፣ ለበር የሚሠራው ተራ የብረት ብየዳ አይዘውም፤ በጋዝ የሚበይድ ባለሙያ ቢገኝ እንኳ እሳቱ የነካው ቦታ ብርታቱን ያጣል። የፕላስቲክ ፍሬም ለሕፃን ይበቃል። አዋቂ ሲቆምበት ግን ይለመጣል፣ የገፉት ጉልበትም ወደ መሬቱ ሳይደርስ እዚያው ይቀራል።

የፍሬም ርዝመት የሚለካው ከፊተኛው ጎማ መሐል እስከ ኋለኛው ጎማ መሐል ነው። አራት የ80 ጎማ የሚይዘው 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ የ72ቱ ደግሞ ከዚያ ያንሳል። አጭሩ በቶሎ ይዞራል፣ ረጅሙ ቁልቁለት ላይ አይንገዳገድም። ሆኪ አጭሩን ይወዳል። ከዚህ የተነሣ አምራቾቹ ያገኙት መላ ሃይ ሎ የሚባለው ፍሬም ነው፦ ከፊት ሁለት የ76፣ ከኋላ ሁለት የ80፤ ለትንንሽ እግር ደግሞ የ72 እና የ80 ቅልቅል። የፊቶቹ ማነስ ፍሬሙን ያሳጥራል፣ ሰውየውንም ጉልበቱን አጥፎ ወደፊት እንዲያዘነብል ያግዘዋል፤ የኋላዎቹ ትልቅነት ፍጥነቱን ይጠብቃል። ይህን ሳያውቅ «ጎማው ጎደለው» ብሎ አራቱንም በ80 የሚተካ ሰው አለ። የፊተኛው ከፍሬሙ ወይም ከጎረቤቱ ጎማ ጋር ይፋተጋል፣ ከገባም አቋሙን ያፈርሰዋል። አብዛኛውን ጊዜ ፍሬሙ ጎን ላይ የሚችለው ትልቁ የጎማ ልክ ተጽፎ ይገኛል፤ ከመግዛት በፊት እርሱን ማንበብ ነው።

ፍሬሙ ከጫማው ጋር የሚያያዝበት መንገድም ሁለት ነው። የመንገድ ስኬቶች በሁለት ብሎን ይታሰራሉ፣ ስለዚህ ፍሬሙ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይስተካከላል። የሆኪው በሪቬት የተመታ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ግን አይነቃነቅም። ሪቬቱ ሲላላ ወደ አልሙኒየም በርና መስኮት ሠሪ መውሰድ ቀላል ይመስላል፣ እርሱ ግን ያለው ለስላሳው የአልሙኒየም ሪቬት ነው፣ አንድ ጥሩ ዝላይ ይበጥሰዋል። የላላውን በመሰርሰሪያ አውጥቶ በብረት ብሎን፣ በሰፊ ሮንዴላና በማይላላ ዳዶ መተካት ይሻላል፤ የብሎኑ ራስ ግን ጫማ ውስጥ እግርን እንዳይወጋ ጠፍጣፋ ይሁን።

ኩሽኔታው ላይ ገበያው ብዙ ያወራል። የስኬት ኩሽኔታ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ 608 ይባላል። ውስጡ 8፣ ውጪው 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር። በየጎማው ሁለት፣ በጥንዱ ስኬት 16። ለትንንሽ የኤሌክትሪክ ሞተርና ለእጅ መሣሪያ የሚገባውም ይኸው ስለሆነ ከስኬት መደብር መጠበቅ አያሻም፤ መለዋወጫ ሻጩን «ጋሼ፣ 608 አለ? ጎማ ክዳን ያለው ይሁንልኝ» ማለት ይበቃል። የጎማ ክዳኑን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። 608 ዜድ ዜድ የሚለው የብረት ክዳን ነው፣ ቀለል ብሎ ይሽከረከራል፣ አቧራ ግን ያስገባል፤ 608 ቱ አር ኤስ የሚለው የጎማ ክዳን ትንሽ ይይዛል፣ አቧራውን ግን ይከላከላል። መንገድ ዳር አፈር በሚነሣበት አገር ሁለተኛው ያዋጣል። ማሸጊያው ላይ «ኤቤክ 7»፣ «ኤቤክ 9» የሚለው ደግሞ የአሠራሩን ልኬት ጥራት ይናገራል እንጂ ፍጥነትን አይለካም፤ አቧራ የገባበት 9 ንጹሕ ከሆነ 3 ያንሳል።

ኩሽኔታ ሲያጉረመርም ክዳኑን በመርፌ ጫፍ ቀስ ብሎ ማንሣት፣ ብረቱን በቤንዚን ማጠብ (የጎማ ክዳኑን ቤንዚን ያሳብጠዋልና ከውጭ ይቆይ)፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መተው፣ ከዚያ አንድ ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የሚነዳ ከሆነ ትንሽ ግራሶ ይሻለዋል፤ ያዘገየዋል፣ ዝገቱን ግን ይከላከልለታል። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል የምትገባውን ትንሽ ቱቦ መርሳት ብዙ ጊዜ የሚታይ ጥፋት ነው። እርሷ ከሌለች ብሎኑ በተጠበቀ ቁጥር ሁለቱ ይጣበቃሉ፣ ጎማውም ይታሰራል።

ቁልቁለቱን ሳላነሣ አላልፍም። የሆኪ ስኬት ተረከዝ ላይ ፍሬን የለውም። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006ቱ የቱሪን ክረምት ኦሎምፒክ በአገር አቋራጭ ስኪ ኢትዮጵያን ከመወከሉ በፊት አገር ቤት በአስፋልት ላይ ሲለማመድበት የነበረው ባለ ጎማ ስኪ ፍሬን ከሌላቸው ወገን ነው፤ እርሱ ግን ከልጅነቱ የተካነ ስፖርተኛ ነበር። ሆኪ ተጫዋች የሚቆመው ሁለቱን እግር በአንድ ጊዜ ወደ ጎን አዙሮ በመንሸራተት ነው። ይህ በሊሾ ላይ በልምምድ ይመጣል። ሸካራ አስፋልት ላይ ግን ለስላሳ ጎማ ስለማይንሸራተት ይነክሳል፣ ሰውየውም በግንባሩ ይሄዳል። ስለዚህ ለቁልቁለት የሚመረጠው ጠንካራው ጎማ ነው፤ ጀማሪም አንዱን እግር ከኋላ አግድም እየጎተተ ፍጥነት መቀነስን ሳይለምድ ቁልቁለት አይሞክር።

እንዲህ እየጎተቱ መቆም ጎማውን በአንድ ወገን ይበላዋል፤ ሁልጊዜ የሚያልቀው የውስጥ ጠርዙ ነው። መፍትሔው ማዘዋወር ነው። አራቱ እኩል በሆኑበት ፍሬም የመጀመሪያውን ከሦስተኛው፣ ሁለተኛውን ከአራተኛው ማለዋወጥ፣ በዚያውም ከቀኝ እግር ወደ ግራ አሻግሮ የተበላውን ጎን ወደ ውጭ ማዞር። ሃይ ሎ ፍሬም ላይ ይህ አይሠራም፤ እዚያ የፊት ሁለቱ እርስ በርስ፣ የኋላ ሁለቱ እርስ በርስ ብቻ ይለዋወጣሉ። 80 ሆኖ የተገዛ የኋላ ጎማ እኩል ተበልቶ 76 ሲደርስ ግን አይጣልም፤ ወደ ፊት ይዛወራል፣ አዲሱ ከኋላ ይገባል።